በጠራራ ፀሐይ ሞተርሳይክልን በስቱዲዮ ፍላሽ እንዴት እናንሳ

ጠራራ ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተርሳይክል ሲያዩት ያምራል። ፎቶው ሲታይ ግን የነዳጅ ታንከሩ አናት ላይ የሚያጥበረብር ነጭ፣ ሞተሩ ጋ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የስቱዲዮ ፍላሽ ተሸክመን የምንወጣው ለዚያ ጨለማ ነው።

መጀመሪያ ወልውሉት። ፍላሽ አቧራንና የጣት አሻራን አይምርም። ከዚያ ፀሐይዋ ከኋላው፣ ትንሽ ወደ ጎን እንድትሆን አድርጋችሁ አቁሙት። የመሪውን፣ የመቀመጫውንና የጎማውን ጠርዝ በብርሃን መስመር ታወጣላችኋለች፤ ያውም በነጻ። ወደ ካሜራው ያለው ጎን ጥላ ይሆናል፤ እሱ የፍላሹ ድርሻ ነው። ቀትር ላይ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ዘንበል እስክትል መጠበቅ ይሻላል።

ካሜራውን ማንዋል (ሁሉን በእጅ የምታስተካክሉበት) ላይ አድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ። አንዳንድ ካሜራ 1/250 ይችላል። ከዚያ ካለፋችሁ የሹተሩ መጋረጃ የፍላሹን ብርሃን በከፊል ይጋርደውና ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ይመጣል። ጥርት ባለ ፀሐይ በዚህ ፍጥነት ትክክለኛው አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ኤፍ 11 ገደማ ነው። ወደ ኤፍ 16 አጥብቡትና ያለ ፍላሽ አንድ አንሱ። ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነ፣ ሞተርሳይክሉም ጥላ ከመሰለ ልክ ናችሁ።

አሁን ፍላሹ። ኤፍ 16 ብዙ ብርሃን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ፍላሽ መግዛት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ አስጠጉት እላለሁ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል። ከ4 ሜትር ላይ ሙሉ ጉልበት የጠየቀ ፍላሽ ከ2 ሜትር ላይ ሩቡ ይበቃዋል። ባትሪውም ይቆያል፣ ለሚቀጥለው ፎቶም ቶሎ ይሞላል።

ዋናው ራስ ምታት ነጸብራቁ ነው። ታንከሩ መስታወት በሉት፤ ላዩ ላይ የሚታየው የመብራታችሁ መልክ ነው። ትንሽ መብራት ነጥብ ሆኖ ይቀመጣል። ረጅም ሶፍትቦክስ (ፍላሹ ላይ የሚገጠም፣ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ባለ ነጭ ጨርቅ ሳጥን) ግን የታንከሩን ቅርጽ ተከትሎ የሚወርድ ለስላሳ መስመር ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ሶፍትቦክሱን ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ፣ እናንተ ካሜራው ካለበት ቦታ ሳትነሱ መስመሩ የት እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ጥቁር ልብስ መልበስም ጥሩ ነው፤ ኒኬሉና ማርሚታው ላይ ራሳችሁን ማየት አትፈልጉም። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ፊልተር) ካላችሁ የቀለሙንና የፕላስቲኩን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ ኒኬል ላይ ግን እምብዛም አይሠራም፣ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃንም ይበላል (አንድ ስቶፕ ሲቀንስ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)።

ሞተሩ ብዙ ዝርዝር ያለው ጥቁር ነገር ስለሆነ ከላይ የሚመጣው ብርሃን አይደርሰውም። ሁለተኛ ፍላሽ ካለ ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን ላኩበት። ከሌለ ነጭ ሰሌዳ መሬት ላይ አጋድሙ።

እባካችሁ የመብራቱ እግር ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑ። አንድ ጊዜ ንፋስ ሶፍትቦክሴን እንደ ዣንጥላ አንስቶት ታንከሩን ለስንዝር ነው የሳተው። የባለቤቱን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጀርባው እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ ባለ 3 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ሌንሱ ላይ ግጠሙና ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 5.6 ክፈቱ። ፊልተሩ ፀሐይንም ፍላሽንም እኩል ስለሚቀንስ ሚዛኑ አይዛባም። ፍላሹን ከ1/250 በፈጠነ ሹተር የሚያሠራ ሃይ ስፒድ ሲንክ የሚባለውም አለ፤ ግን የፍላሹን ጉልበት ክፉኛ ይበላል።

ፍላሻችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ እሰሩት። ፍላሹን ፊት ለፊቱ፣ መሐሉና ኋላው ጋ እያዞራችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ። ኮምፒውተር ላይ ደርባችሁ ከየፎቶው የበራውን ክፍል ብቻ አስቀሩ። በመሐል ካሜራውም ሞተርሳይክሉም ንቅንቅ እንዳይሉ። ፀሐይዋም ስለማትቆም ቶሎ ቶሎ በሉ።