የግቢ ተማሪዎች ከስልክ አፕ ጋር የሚሠሯቸው ስህተቶች

ፍሬሽማን ሆኖ ግቢ የገባ ሁሉ ሲኒየር ሲያገኝ «ለትምህርት ምን ምን አፕ ልጫን?» ይላል። እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ስልኩ ላይ አለ። የሚጎድለው አያያዙ ነው።

ቴሌግራምን እንዳለ መተው

የባቹ ግሩፕ፣ የዲፓርትመንቱ ቻናል፣ የኤግዚት ኤግዛም ጥያቄ የሚለቀቅበት ቻናል፣ ሁሉም ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ምንም ሳትነኩት ከተዋችሁት ግን የተለቀቀውን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እያወረደ ጠዋት የገዛችሁትን ፓኬጅ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ሴቲንግ ገብታችሁ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈቱና በሞባይል ዳታ ራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። እዚያው «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚል አለ። ስልካችሁ ሲሞላ ካሹን (ቴሌግራም ስልኩ ላይ ያጠራቀመውን ፋይል) ከዚያ አጽዱ። ፋይሉ ከስልካችሁ ላይ ይነሳል እንጂ ከቻቱ አይጠፋም፣ በፈለጋችሁት ሰዓት መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። ይህን ያላወቀ ልጅ ነው ለሞጁል ቦታ አጣሁ ብሎ የቤተሰብ ፎቶ የሚሰርዘው።

ደግሞ ፋይናል ሲደርስ «እባካችሁ ያቺን ቻፕተር 3 ድጋሚ ላኩልኝ» ማለት ይቅር። ፋይሉ በተለቀቀበት ቀን ቴሌግራም ውስጥ ወዳለው የግል ማስቀመጫችሁ፣ ወደ «ሴቭድ መሴጅስ»፣ ፎርዋርድ አድርጉት፤ ከሥሩ የኮርሱን ስም በሃሽታግ ጻፉበት። ለጣፊው በኋላ ከግሩፑ ቢያጠፋው እንኳን የእናንተ ኮፒ ይቀራል። የፈተና ሳምንት ሲሆን ግን የምታነቡትን ቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱ፤ ኔትወርክ እንደሆነ ለፈተና አዝኖ አያውቅም።

ሃንድአውትን በካሜራ አንስቶ ጋላሪ ውስጥ መቅበር

የጓደኛችሁን ደብተር 40 ገጽ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ከዚያ በልደት ፎቶና በስክሪንሾት መሀል ይጠፋል። ጎግል ድራይቭ ውስጥ ስካን የሚያደርግ ካሜራ አለ። ጥላውን ያጠራል፣ ጠርዙን ይቆርጣል፣ ሁሉንም ገጽ አንድ ፒዲኤፍ አድርጎ ያስቀምጣል። አይፎን የያዘም ኖትስ ውስጥ ያገኘዋል። ለዚህ ብሎ ሌላ አፕ መጫን ትርፍ ነው። ካምስካነር ራሱ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የአንድሮይዱ አፕ ውስጥ አደገኛ ኮድ ተገኝቶ ከፕሌይ ስቶር ተነስቶ ነበር፤ በኋላ ተስተካክሎ ተመልሷል።

የእኛን ሰዓት እንዳለ ካላንደር ላይ መጻፍ

ይሄ የኛ ጣጣ ነው። ፈተናው «ከሰዓት 8 ሰዓት» ተብሎ ይለጠፋል፣ ልጁ ጎግል ካላንደር ላይ 8 ፒኤም ብሎ ይሞላል፣ ማስታወሻው የሚጮኸው ማታ እራት ሰዓት ላይ ነው። መግባት የነበረበት 2 ፒኤም ነው። በቀንም እንደዚያው፤ ጥር 20 ማለት ጃንዋሪ 20 ሳይሆን በአብዛኛው ጃንዋሪ 28 ነው። የቀኑ ስህተት እንኳን ማስታወሻው ቀድሞ ስለሚጮኽ በከንቱ መደንገጥ ነው፣ በሰዓቱ ግን ፈተናው ያመልጣችኋል።

አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው አፑን ከጀርባ ስለሚዘጉት ማስታወሻው ጭራሽ ላይጮኽ ይችላል። የባትሪ ሴቲንግ ገብታችሁ ካላንደሩን ከቁጠባው አውጡት። ስልክ እናጸዳለን፣ እናፈጥናለን የሚሉትን «ክሊነር» እና «ቡስተር» አፖች ደግሞ ዛሬውኑ አንሱልኝ። ማስታወቂያ ከማሳየት በቀር የረባ ሥራ የላቸውም።

«ፕሪሚየም በነጻ» የሚል ኤፒኬ መጫን

ኤፒኬ ማለት ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፋይል የሚጫን አፕ ነው፤ ይሄኛው ቻናል ላይ የተለቀቀ፣ ክፍያው እንዲታለፍ ተብሎ የተነካካ ነው። ብር የለንም፣ ይገባኛል። ግን ስትጭኑት የሚጠይቃችሁን ፈቃድ አንብቡት። የፒዲኤፍ ማንበቢያ ኤስኤምኤስ ልይ ካለ ምን ሊያደርግለት ነው? የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያው ኤስኤምኤስ ነው፣ የቴሌግራምም በዚያው ሊመጣ ይችላል። «አክሰሲቢሊቲ» አብሩልኝ ካለ ደግሞ ይባስ፤ እሱን የፈቀዳችሁለት አፕ ስክሪን ላይ ያለውን አንብቦ በእናንተ ፈንታ ስክሪኑን መንካት ይችላል። ከቤት የተላከች የወር ወጪ ቴሌብር ላይ ባለችበት ስልክ ይህን መሞከር ድፍረት ነው። ነጻ አማራጭ ደግሞ ሞልቷል። ለመቸከል የሚመቸው አንኪ ለምሳሌ፣ በካርድ እየጠየቀ የረሳችሁትን ቶሎ ቶሎ የሚመልስባችሁ፣ አንኪድሮይድ በሚል ስም በአንድሮይድ ነጻ ነው። የአይፎኑ ግን በገንዘብ ነው።

ቻትጂፒቲ የሰጠውን ሪፈረንስ እንዳለ መለጠፍ

የሌለ ጽሑፍ በእውነተኛ ምሁር ስም አሳምሮ ይጽፋል። ርዕሱን ጎግል ስኮላር ላይ አስገቡት፤ ካልተገኘ ከሥራችሁ ላይ ሰርዙት። መምህሩም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሁሉንም ነገር በአንድ ጂሜይል ላይ መከመር

ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ድራይቩም፣ ጂሜይሉም፣ ጎግል ፎቶስም የሚካፈሉት ያንኑ ነው። የግቢ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እየተጫነ ሲሞላው ኢሜይል መቀበል ያቆማል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ስኮላርሺፕ አመልክታችሁ መልስ በምትጠብቁበት ሰሞን ሊሆን ይችላል፤ ላኪው ደብዳቤው ተመልሶበት ዝም ሲል እናንተ አልተቀበሉኝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ለፎቶ ሌላ አካውንት ክፈቱ፣ ወይም የፎቶስን ባክአፕ አጥፉት።