ባለጸጋውን ወራሽ በወንጀል ልቦለድ ውስጥ እንዴት እንቅረጸው? ድሬዳዋን መቼት ላደረገ ጸሐፊ

በወንጀል ልቦለድ የሚቀርበው የሀብታም ልጅ ብዙ ጊዜ ውድ መኪና የሚያሽከረክር፣ ያለ ልክ የሚጠጣና ለመርማሪው ጥርጣሬ እንዲመች ብቻ የተቀመጠ ወጣት ነው። ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ቢታሰርም ቢፈታም አንባቢው ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ በወራሹ ስም የተመዘገበው ንብረት ምን እንደሆነ ይወስን። የንግድ ፈቃዱ በአባቱ፣ መኪኖቹ በእናቱ፣ መጋዘኑ በአጎቱ ስም ሆነው፣ ዕድሜው አርባ የደረሰው ልጅ ለቤንዚን እንኳ ሒሳብ ሠራተኛውን የሚጠይቅ ከሆነ፣ መረበሹ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። በዕዳ ተይዞ ከመጋዘኑ ዕቃ እያወጣ በርካሽ ሲሸጥ የሚያዩት ሰዎች «ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» ይሉታል፤ እሱ ግን የሚወስደው የራሱን እንደሆነ ከልቡ ያምናል።

ዋናው ነገር የወራሹ ጭንቀትና ወንጀሉ ከአንድ ሥር እንዲበቅሉ ማድረግ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድ ከተማ ናትና የአንድን ነጋዴ ቤተሰብ ሦስት ትውልድ ለመከተል ትመቻለች። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ የመንግሥት ሲሆኑ፣ አያትየው ከዚራ በተባለው የከተማዋ ሰፈር ያለውን ቤት ለታማኝ ሠራተኛው በአደራ በስሙ አዛውሮለት ነበር እንበል። ሠራተኛው አደራውን ጠብቆ ቤቱን መለሰ፤ አባትየው ግን ቃል የተገባለትን ድርሻ ከለከለው፤ የውሉ ወረቀትም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ባጥለቀለቀበት ሌሊት ጠፋ ተባለ። ወራሹ ያደገው በዚያ ቤት ነው፤ የሠራተኛው ልጅ ደግሞ አብሮ አደጉና የመጋዘኑ ጠባቂ ነው። ጠባቂው ተገድሎ ሲገኝ፣ ወረቀቱ እንዳልጠፋ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ወራሹ ብቻ ከሆነ፣ ዝምታው ራሱ ታሪኩን ይሸከማል።

ጭንቀቱን በትረካ ከማስረዳት ይልቅ በርጫ ላይ ማሳየት ይሻላል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ በርትቶ ሱቆች ሲዘጉ፣ ወራሹ ትራስ ተደግፎ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል፤ የሁሉንም ጫት የከፈለው እሱ ነው፣ ለስላሳውንና ኦቾሎኒውንም ያስመጣው እሱ ነው። ስልኩ ጠርቶ የአባቱን ቁጥር ሲያይ በአፉ ያለውን ተፍቶ፣ በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ቆሞ ይመልሳል። ተመልሶ ሲቀመጥ ለቀልድ በተባለ ቃል አንዱን ጓደኛውን ይቆጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ለማስታረቂያ ሌላ እስር ጫት ያስገዛል። ጫቱን የክፋቱ ምልክት ማድረግ ግን ስሕተት ነው፤ በድሬዳዋ ሀብታሙም ድሃውም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም ስለሚቅም ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም።

የውርስ ሕግን ሳያነቡ የተጻፈ ሴራ ይፈርሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ልጆችን እኩል ያወርሳል፤ አባቱን ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ልጅ ደግሞ ለመውረስ የማይገባ ይሆናል። እንግዲህ በአባት ግድያ ወራሹ ቢፈረድበት የወንድሞቹና የእኅቶቹ ድርሻ ሊሰፋ ስለሚችል፣ እሱን ወንጀለኛ አስመስሎ ማቅረብ ለእነሱ ጥቅም አለው። አባት ልጁን ከውርስ መንቀል ከፈለገም በኑዛዜው ምክንያቱን መግለጽ አለበት፤ ይህ ለደራሲ ትልቅ ስጦታ ነው። ያ አንቀጽ በመጽሐፉ ባይገባ እንኳ ጸሐፊው በአባትየው ቃል አሟልቶ ይጻፈው፤ አባት ስለ ልጁ የሚያስበው እዚያ ላይ ይገኛልና። ቤተሰቡ ሙስሊም ሆኖ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይና የድርሻው ስሌት ሊለወጥ እንደሚችልም ማስታወስ ያስፈልጋል።

በንግግር ረገድ ድሬዎች ትልቅ ሰውንም «አንተ» ማለታቸውን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ የተላከው መርማሪ አባትየውን «አንቱ» ሲል ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ወራሹ የሚፈራው የመርማሪውን ቁጣ ሳይሆን አክብሮቱን ቢሆን እመርጣለሁ፤ በቤቱ እንደ ሙሉ ሰው የጠየቀው የለምና።

ገዳዩ እሱ ራሱ ይሁን? በእኔ እምነት አይሁን። እውነቱን የሚያውቅ፣ ቢናገር ቤቱን የሚያጣ፣ ዝም ቢል ግን የአብሮ አደጉ ደም የሚጠይቀው ሰው ከገዳይ ይልቅ አንባቢን ያስጨንቃል። ይህ ምርጫ ከፊቱ የሚደቀነው በመጽሐፉ አጋማሽ ላይ ይሁን፤ የቀሩት ምዕራፎች በየቀኑ ዝም በማለቱ ማን እንደሚጎዳ እያሳዩ ምስክር ሆኖ እስከሚቆምበት ችሎት ድረስ ይሂዱ።