የተበላሸ የቤት ኤሌክትሮኒክስ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳም ይሁን ዓለም ከተማ፣ የተበላሸ ቴሌቪዥን የሚያልፍበት መንገድ አንድ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ጓዳ ይቀመጣል፤ ቤቱ ለበዓል ሲጸዳ ቆራሌው ይጠራል። በዚህ ምንም ቅር አይለንም። ብረቱን፣ መዳቡንና አሉሚኒየሙን ሰብስቦ ወደ ማቅለጫ የሚያደርሰው እሱ ነው። ጣጣው ያለው አብረው በሚሄዱት አራት ነገሮች ላይ ነው፦ ባትሪ፣ ሜርኩሪ ያለበት አምፖል፣ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት እና የፍሪጅ ጋዝ። እነዚህን ለይታችሁ ካስቀራችሁ ወይም ሳይሰበሩ እንዲሄዱ ካደረጋችሁ፣ የቀረውን ያለ ሐሳብ ሽጡት።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ አልቆለታል?

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩን (ከሶኬት የመጣውን መብራት ለዕቃው የሚያመቻቸውን ክፍል) ነው። የዲሽ ሪሲቨር ከሶኬት ተነቅሎ ክዳኑ ሲከፈት፣ ቆመው የሚታዩትን ትንንሽ ሲሊንደሮች (ካፓሲተሮች) እዩ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያወጣ ካለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። የሚተካው ካፓሲተር ማይክሮፋራዱ (µF ተብሎ የተጻፈበት ቁጥር) እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገላበጠ ይፈነዳል። 400 ቮልት የተጻፈበትን ትልቁን ግን በእጅ አትንኩ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ መብራት ይዞ ይቆያል። እሱን ለጥገና ባለሙያ ተዉት።

ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ድምፅ እያሰማ ምስል ከሌለው ክፍሉን አጨልማችሁ በእጅ ባትሪ ስክሪኑን ከጎን አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታየ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው፤ ይጠገናል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ገንዘብ አታባክኑ። ቦርዱንና ስፒከሩን ለመለዋወጫ የሚፈልግ ጥገና ቤት ስላለ ቆራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሽቦው አንድ ቦታ ስለሚበጠስ ነው። ጠምዝዞ መቀጠል አያዋጣም። መጋጠሚያው ከሌላው ቦታ በላይ ይግልና እዚያው ይበጠሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የተበጠሰውን ቆርጦ በአጭሩ መልሶ መዘርጋት ነው። ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ ሶኬቱ ቀልጦ፣ ግድግዳው ጠቁሮ የምናየው ከዚህ የተነሳ ነው። በተመሳሳይ ውፍረትና ርዝመት ሙሉውን ቀይሩት። ሸክላው ከተሰነጠቀ ቆርቆሮውንና ሽቦውን ለቆራሌው ስጡ፤ ሸክላውና ጄሶው ከአፈር ጋር ቢጣል ጉዳት የለውም።

ስልክና ኮምፒውተር

ሲሙንና ሚሞሪውን አውጡ። ከቴሌብርና ከባንክ መተግበሪያዎች ውጡ። ቀጥሎ የጉግል አካውንቱን ከስልኩ ላይ አንሱ፤ ፋክተሪ ሪሴት (ስልኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማድረግ) የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ስልኩ ሲከፈት የድሮውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ለሚቀጥለው ሰው ከድንጋይ አይሻልም።

የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ፎርማት ስለተደረገ ብቻ ባዶ አይሆንም፤ ፋይሉን መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም ሞልቷል። ዲስኩ የሚሠራ ከሆነ ሙሉውን በላዩ ላይ የሚጽፍ ማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። የማይሠራ ከሆነ ፈትታችሁ የሚያብረቀርቀውን ክብ ሳህን አጥፉት። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን አንዳንዱ መስታወት ስለሆነ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስበሩት።

ባትሪ፣ ከሁሉም በላይ

*ባትሪ ድንጋይ።* ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለጥቂት ደቂቃ ያታልላል እንጂ አይሞላም፤ የሚያተርፈው ማፍሰስን ነው። እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ወቅጦ ጥቁር ሰሌዳ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ዱቄቱ ማንጋኒዝ ስላለበት ብናኙ ለሳንባም ለአንጎልም አይበጅም። ይህን ሥራ ለተማሪ መስጠትማ ጭራሽ አይገባም። ያለቀውን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ በደረቅ ቦታ አጠራቅሙ።

*የስልክና የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪ።* ከዕቃው የሚነቀል ከሆነ ንቀሉና ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኑ። ሁለት ባትሪ በቁልፍ ወይም በሳንቲም ተገናኝቶ እሳት ሲነሳ ምክንያቱ ይህ አለመደረጉ ነው። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ለብቻው ደረቅ አሸዋ ባለበት ጣሳ ውስጥ አስቀምጡት፤ አየር እንዲያስተነፍስ ጣሳውን አትድፈኑ። ቦታውም ይለያያል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አይጎዳውም፤ እርጥበቱን መጠበቅ ይበቃል። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ጀውሃ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቆጥ በቀን ምድጃ ነው፤ እዚያ አታስቀምጡ፤ ጥላ ያለበት መሬት ይሻላል።

*የሶላርና የመኪና ባትሪ።* ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነውና ገዢ አያጣም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ አሲዱን ደፍቶ እርሳሱን ብቻ ለሚወስድ አትሽጡ። አሲዱ እርሳስ ይዞ ነው የሚወርደው፤ የተደፋበት ጓሮ ጎመን አይተከልበትም። ቀጥ አድርጋችሁ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ሙሉውን ይሂድ። መሬት ላይ ከፈሰሰ ቤኪንግ ሶዳ በትኑበት፤ መፍላቱን ሲያቆም በጓንት ጥረጉት። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እርሳስ ቤት ውስጥ ማቅለጥ የሚባል ነገር አይሞከር፤ የጢሱን ዋጋ ከማንም በላይ የሚከፍሉት ሕፃናት ናቸው።

ሆዳሙ ቴሌቪዥን

ከኋላው የወጣውን የድሮ ቴሌቪዥን ቆራሌው የሚፈልገው አንገቱ ላይ ላለው የመዳብ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ብሎ ነው። መዶሻ ያነሳል፣ ኮይሉን ይዞ ይሄዳል፤ መስታወቱ ደጃችሁ ይቀራል። የኋለኛው መስታወት እርሳስ አለበት፤ የስክሪኑ ውስጥ ሽፋንም የሚተነፈስ ዱቄት ነው። ቱቦው ውስጡ አየር ስለሌለው ሲመታ ወደ ውስጥ ተሰብሮ ስብርባሪው ይፈናጠራል። ከላስቲክ ቆብ ጋር የተያያዘው ወፍራም ገመድም ከ20 ሺህ ቮልት በላይ የሚሸከም ስለሆነ ጀርባውን አትክፈቱ። ስለዚህ ዋጋውን ቀንሱ፤ «ሙሉውን ትወስዳለህ፣ እዚህ አይሰበርም» በሉ። እሺ ካላለ ይቅር። ክብደቱ ከፊት ስለሆነ ስክሪኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት።

ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ገመድ

ከፍሪጅ ጀርባ የተለጠፈውን አንብቡ። አር-600ኤ (R-600a) ካለ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፤ አር-134ኤ (R-134a) ካለ አየር ንብረትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይከፋል። የትኛውም ቢሆን ቱቦው በፒንሳ አይቆረጥም። ጋዙን ወደ ሲሊንደር የሚመልስ ማሽን ያለው የፍሪጅ ባለሙያ ይሳበው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ነው። ግቢ የሚቀመጥ ከሆነ በሩን ንቀሉት፤ ሕፃን ገብቶበት ይታፈናል። የግድግዳው ስፖንጅ አይቃጠልም።

ኢኮኖሚ አምፖልና ረጅሙ ፍሎረሰንት ሜርኩሪ አለባቸው። ከተሰበረ ሰው ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፣ 15 ደቂቃ ይቆይ። በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ ብናኙን ይበትነዋል። በወፍራም ካርቶን አፍሱና የቀረውን በናስትሮ እየለጠፋችሁ አንሱ፤ ሁሉንም ክዳን ባለው ጠርሙስ አስገቡ።

ገመድ በቢላ ይላጣል እንጂ አይቃጠልም። ጢሱ መርዝ ከመሆኑ ሌላ የተቃጠለ መዳብ ጠቁሮ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለ ጤና ለማይሰማ ሰው ይህን ንገሩት።

የተለየው የት ይሄዳል?

አገሪቱ ለዚህ ቆሻሻ ራሱን የቻለ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አላት፤ ቁጥር 425/2010 ነው። የተለየውን የሚቀበል ማን እንደሆነ በከተማችሁ ጽዳት ወይም አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ስትጠይቁ ቁጥሩን ጥቀሱ፤ ንግግሩ ያጥራል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ አንድ ቤተሰብ ሦስት አምፖልና አሥር ድንጋይ ይዞ አይጓዝም። የሚያዋጣው በዕድር ነው፦ ድንኳንና ሳህን የሚቀመጥበት መጋዘን አንድ ጥግ ላይ ክዳን ያላቸው ሁለት በርሜሎች፣ አንዱ ለባትሪ ድንጋይ፣ ሌላው ለአምፖል። ሊቲየም ግን ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ አሸዋው ጣሳ ውስጥ ይቆይ። በርሜሉ ሲሞላ ተቀባዩን በስልክ አግኝታችሁ የሚወስደውን ዓይነትና መጠን ጠይቁና፣ ጭነት ሳይዝ ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ አይሱዙ ላኩት። በርሜሉ ላይ ውስጡ ያለውን በትልቁ ጻፉ፤ ጫኙ እህል መስሎት ከላዩ እንዳይከምርበት።