«ሪቪዚት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ስንጠቀም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ይህን ግስ ብዙዎቻችን የምናውቀው በአንድ ትርጉሙ ብቻ ነው፤ ወደምናውቀው ቦታ ተመልሶ መሄድ። በሥራ ቦታ ግን በብዛት የሚመጣው በሌላኛው ነው። አለቃ «ሌትስ ሪቪዚት ዘ ፕላን» ካለ፣ ቀድሞ የተነጋገርንበትን ዕቅድ እንደገና አንስተን እንየው ማለቱ ነው።

ዋናው ስህተት ከ«ሪኮንሲደር» ጋር ማምታታት ነው። ይቀራረባሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ሪኮንሲደር ውሳኔን ይነካል። ሥራ ልልቀቅ ላለ ሰው «ፕሊዝ ሪኮንሲደር» ሲባል፣ ሐሳብህን ብትቀይር የሚል ልመና አለበት። ሪቪዚት እስከዚያ አይሄድም። ጉዳዩ እንደገና ይነሳ ይላል እንጂ ምን እንደሚወሰን አይናገርም። ደመወዝ እንዲጨመርልዎ ጠይቀው «ዊ ዊል ሪቪዚት ዚስ ኔክስት ይር» የሚል መልስ ቢመጣ፣ የተገባልዎ ቃል ጥያቄው በሚቀጥለው ዓመት እንደሚታይ ብቻ ነው። ጭማሪ አልተፈቀደም። ይህን ሳያስተውሉ ተስፋ አድርገው በኋላ የሚቀየሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እርስዎም የተወሰነ ነገር እንዲቀየር ከፈለጉ፣ ሳያፍሩ ሪኮንሲደር ብለው ይጻፉ።

ከዚህ የሚመዘዝ ሌላም አለ። «ዊ ሪቪዚትድ ዘ ፕሮብሌም» ማለት ችግሩን ፈታነው ማለት አይደለም። መልሰን አየነው ማለት ነው። ለተፈታ ችግር ሶልቭ ወይም ሪዞልቭ አለ።

ለአዲስ ጉዳይም አይሆንም። «ሪ» የምትለዋ መነሻ «እንደገና» የሚለውን ይዛለች። ገና ያልተነሳ ነገር ከሆነ ዲስከስ ይበቃል። በዚሁ ምክንያት መጨረሻው ላይ «አጌን» መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ድግግሞሽ ነው።

«ሪቪዚት አባውት ዘ ኢሹ»፣ «ሪቪዚት ቱ ዘ ኢሹ» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ስህተት ናቸው። እኛ «ስለ ጉዳዩ»፣ «ወደ ጉዳዩ» ስለምንል ይመስለኛል እጃችን የሚሄደው። ግሱ መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ሪቪዚት ዘ ኢሹ» ብለው ይቀጥሉ። «ቱ» የሚያስፈልገው «ሪተርን» ለሚለው ነው።

በድምፅ የሚመሳሰለው «ሪቫይዝ» ደግሞ በጣም ያሳስታል። ሪቫይዝ ማሻሻል፣ ጽሑፉን መለወጥ ነው። ለደንበኛ «ዊ ሪቫይዝድ ዘ ኮንትራክት» ብለው ከጻፉ፣ የውሉ ቃል ተለውጧል ብለውታል። ገና ሊያዩት ከሆነ «ዊ ዊል ሪቪዚት ዘ ኮንትራክት» ይበሉ።