የአማርኛ ብሎግ በነፃ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚመዘን

ብሎግ ወይም ትንሽ ድረ ገጽ በነፃ መክፈት ዛሬ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም። ጊዜና ጥንቃቄ የሚጠይቀው የተከፈተው ገጽ ለአንባቢው በትክክል መድረሱን ማረጋገጥ ነው። አብዛኞቹ ነፃ መሣሪያዎች የተሠሩት በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎችን በማሰብ ስለሆነ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌሎች የማያውቋቸው እንቅፋቶች ይገጥሙታል። አገር ቤት ያለው አንባቢ ደግሞ በአብዛኛው የሚያነበው በሞባይል፣ በሜጋባይት ተቆጥሮ በተገዛ ጥቅል ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የጻፍኩት ቀላል ገጽ ሠርቶ ያንኑ ገጽ በአንባቢው ስልክ ዓይን ለመመዘን ለሚፈልግ ሰው ነው።

ቦታውን መምረጥ

ለጀማሪ የምመክረው ብሎገርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ በ2003 ጉግል የገዛው ይህ አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ የጂሜይል አካውንት ያለው ሰው ሌላ ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ካልፈቀደም ማስታወቂያ አይለጥፍም። ዎርድፕሬስ ዶት ኮም በመልክም በአሠራርም የበለጠ የተሟላ ነው፤ ይሁን እንጂ በነፃው እርከን ላይ ድርጅቱ የራሱን ማስታወቂያ በእርስዎ ጽሑፍ መካከል ያሳያል። ዎርድፕሬስ የሚባለው ሶፍትዌር ራሱም በነፃ ይገኛል፤ እሱን ለመጠቀም ግን ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ) መከራየት ስለሚያስፈልግ ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ይወጣል። ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ኮድ) የሚያውቅ ወይም ለመማር የተዘጋጀ ሰው ጊትሃብ ፔጅስ የተባለውን አገልግሎት ቢጠቀም ከሁሉም ፈጣኑንና ቀላሉን ገጽ ያገኛል፤ ለአንድ ድረ ገጽ የተፈቀደው መጠን 1 ጊጋባይት ሲሆን ይህ ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ጽሑፎችዎን በሙሉ በአንድ ፋይል አውርደው መውጣት የሚያስችል አማራጭ መኖሩን። ብሎገርም ዎርድፕሬስም ይህን ይፈቅዳሉ። በቀላሉ ገብተው በቀላሉ የማይወጡበት ነፃ አገልግሎት የዓመታት ልፋትን መያዣ እንደ ማስያዝ ስለሆነ፣ መልኩ ምንም ቢያምር አልመክረውም።

አድራሻውንና ቋንቋውን ማስተካከል

የብሎጉን ስም በአማርኛ፣ አድራሻውን ግን በአጭር የላቲን ቃል ያድርጉ። ይህ ምክር ከቋንቋ ፍቅር ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ጽሑፍን በሚያከማቹበት በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ወደ ገጽ አድራሻ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በአንድ የፐርሰንት ምልክትና በሁለት ሆሄያት ወይም ቁጥሮች ይተካል። በዚህ ስሌት አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ «ሰላም» የምትለው የሦስት ፊደል ቃልም 27 ምልክት ትሆናለች። እንዲህ ያለውን አድራሻ ገልብጠው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ቢልኩት ተቀባዩ የሚያየው የማይነበብ ረጅም ሰንሰለት ነው።

ሁለቱ መድረኮች ይህን የሚይዙት በተለያየ መንገድ ነው። ዎርድፕሬስ የአማርኛውን ርዕስ ወደዚህ ሰንሰለት ቀይሮ አድራሻ ያደርገዋል፤ ለአንድ ጽሑፍ መጠሪያ የሚፈቅደው ግን 200 ምልክት ብቻ ስለሆነ ከ22 ፊደል ያለፈው የርዕሱ ክፍል ይቆረጣል። ብሎገር በአንጻሩ የአማርኛውን ፊደል ከነአካቴው ትቶ «ብሎግ ፖስት» ከሚል መጠሪያ ጋር ቁጥር ይሰጣል፤ ሃምሳ ጽሑፍ ያለው ሰው በቁጥር ብቻ የሚለያዩ ሃምሳ አድራሻዎች ይዞ ይቀራል። መፍትሔው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ጽሑፉን ከማተምዎ በፊት በብሎገር «ፐርማሊንክ»፣ በዎርድፕሬስ «ስለግ» የሚለውን ሣጥን ከፍተው ጉዳዩን የሚገልጹ ሁለት ወይም ሦስት የላቲን ቃላት በሰረዝ አያይዘው ይጻፉ። ከታተመ በኋላ አድራሻውን መቀየር ቀድሞ የተጋሩትን ማስፈንጠሪያዎች ሊሰብር ስለሚችል ልማዱን ከመጀመሪያው ጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑንም በቅንብሩ ውስጥ ያስመዝግቡ። ኮዱን ራስዎ የሚጽፉ ከሆነ በኤችቲኤምኤሉ መክፈቻ ላይ «ላንግ» ለሚለው መለያ የሚሰጡት ዋጋ ሁለት ሆሄ ነው፦ ኤ እና ኤም። ብራውዘሩ ተስማሚ ፎንት የሚመርጠውም ሆነ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት የንባብ ሶፍትዌር በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚህ ነው።

ጽሑፉን ማስገባት

የግዕዝ ፊደል ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው፣ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው የላቲን ሆሄያትን ቦታ በግዕዝ ቅርጽ በሚተኩ ፎንቶች ነበር። በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ ያሉ የቆዩ ሰነዶች ብዙዎቹ እንዲህ የተጻፉ ናቸው። እኔም ከቀድሞው ኮምፒውተሬ የገለበጥኩትን ጽሑፍ ብሎግ ላይ አስገብቼ በራሴ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ስለታየኝ አተምኩት፤ እኅቴ በስልኳ ስትከፍተው ያገኘችው የላቲን ሆሄያትና የቅንፍ ክምር ነበር። በእኔ ዘንድ የታየው ያ አሮጌ ፎንት ኮምፒውተሬ ላይ ተጭኖ ስለነበረ ብቻ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ከሰነዱ አንድ አረፍተ ነገር ገልብጠው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ፣ ወይም በስልክ ለራስዎ መልእክት አድርገው ይላኩት፤ አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፤ ወደ ላቲን ምልክቶች ከተለወጠ ግን እንደገና መተየብ ወይም ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ለመተየብ በስልክ ጂቦርድ፣ በኮምፒውተር ኪይማን የተባሉት የፊደል ገበታዎች ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። አራት ነጥብን በራሱ ምልክት ይጻፉ፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ኮሎን ጎን ለጎን ቢደረደሩ ለዓይን ይመስላሉ እንጂ ማሽኑ የአረፍተ ነገር መጨረሻ መሆናቸውን አያውቅም።

ፎንትን በተመለከተ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ካላስፈለገ አይጫኑ። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አብሮ ስለሚመጣ አንባቢው ተጨማሪ ፋይል ሳያወርድ ማንበብ ይችላል። የተለየ መልክ ከፈለጉ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም በጉግል ፎንትስ በነፃ ይገኛሉ፤ አንዱን ብቻ ይምረጡ። የፊደሉን መጠን ግን አያሳንሱ። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በቀኝ እግራቸው ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ምልክት አቀማመጥ ብቻ ነው፤ የፊደሉ መጠን 13 ፒክስል ከሆነ በትንሽ ስክሪን ላይ ይህች ልዩነት ትጠፋለች። እኔ ከ17 ፒክስል በታች አልወርድም፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት እተዋለሁ። አጋድሞ መጻፍንም ይተዉት፤ የግዕዝ ፎንቶች በአብዛኛው የተጋደመ ቅርጽ ስለሌላቸው ብራውዘሩ በግድ አጣሞ ያሳየዋል።

ምስሎችን ማቅለል

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። አንድ ሺህ ቃላት ያሉት የአማርኛ ጽሑፍ፣ አንዱ ቃል በአማካይ አምስት ፊደል አለው ብንል፣ ከነክፍተቱ 16 ኪሎባይት ያህል ይመዝናል። በዘመኑ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ግን በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል። ይህ ማለት አንዱ ፎቶ የ250 ጽሑፎችን ያህል የአንባቢውን ጥቅል ይበላል ማለት ነው። አንዳንዱ መድረክ ምስሉን ራሱ ያሳንሰዋል፤ ጊትሃብ ፔጅስ ግን የሰጡትን እንዳለ ነው የሚያስተላልፈው። ስለዚህ ሳይጭኑ በፊት ማሳነስ የተሻለ ነው።

ለዚህ ሥራ ስኩሽ የተባለው ነፃ መሣሪያ እስካሁን አላሳፈረኝም። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ሲሆን ፎቶው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሳይላክ እዚያው በራስዎ መሣሪያ ላይ ይታመቃል፤ የቤተሰብ ወይም የሰው ፊት ያለበት ምስል ሲሆን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስኩሽን ከፍተው ፎቶውን ይጎትቱበት። በቀኝ በኩል «ሪሳይዝ» የሚለውን ያብሩና ስፋቱን 1200 ፒክስል ያድርጉ። ከዚያ ከታች «ዌብፒ» የሚለውን ዓይነት መርጠው ጥራቱን 75 ላይ ያሳርፉ። በስክሪኑ መካከል ያለችውን መስመር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጎትቱ ዋናውና የታመቀው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ፊት ላይና ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ አጉልተው ይመልከቱ። ልዩነት ካላዩ ጥራቱን ወደ 65 ዝቅ አድርገው እንደገና ያስተያዩ። ከታች የሚታየው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል።

ምስሉን ሲያስገቡ የሚያሳየውን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር በአማርኛ «ኦልት» በሚለው ሣጥን ውስጥ ይጻፉ። ምስሉ ካልወረደም፣ አንባቢው ዓይነ ስውር ከሆነም የሚደርሰው ይኸው አረፍተ ነገር ነው።

መመዘን

ሁለት ሦስት ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለውን የጉግል የፍጥነት መመዘኛ ይክፈቱና አድራሻዎን ያስገቡ። ከዋናው ገጽ ይልቅ ምስል የበዛበትን አንድ ጽሑፍ ይመዝኑ፤ ውጤቱንም በ«ሞባይል» ስር ይመልከቱ፤ የዴስክቶፑ ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ስለሆነ ያታልላል። ከላይ ያለው ክፍል ባለፉት 28 ቀናት በእውነተኛ አንባቢዎች ዘንድ የተለካውን ያሳያል፤ አዲስ ብሎግ በቂ ጎብኚ ስለማይኖረው መረጃ የለም ይልዎታል፤ አይደንግጡ። ከታች ያለው መካከለኛ ስልክና ዘገምተኛ መስመር በማስመሰል የሚደረግ ሙከራ ሲሆን ከ100 ነጥብ ይሰጣል፦ 90 እና ከዚያ በላይ ጥሩ፣ ከ50 እስከ 89 መሻሻል የሚገባው፣ ከዚያ በታች ደካማ ነው።

ከጠቅላላ ነጥቡ ይልቅ ሁለት ቁጥሮችን አጥብቀው ይመልከቱ። የመጀመሪያው በገጹ ላይ ትልቁ ነገር እስኪታይ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ከ2.5 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ሁለተኛው ገጹ እየተጫነ ሳለ ጽሑፉ ወደ ታች የሚንሸራተትበት መጠን ሲሆን ከ0.1 ባይበልጥ ይመረጣል፤ አንድ አንቀጽ ማንበብ ጀምሮ ድንገት ምስል ከላይ ሲገባበት የጠፋበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር ነጥቡ ትንሽ ስለሚለዋወጥ ሦስት ጊዜ ሞክረው መካከለኛውን ይውሰዱ። አማርኛዎ ይነበብ አይነበብ፣ ፊደሉ ተሰባብሮ ይታይ አይታይ ግን ይህ መሣሪያ ሊነግርዎ አይችልም።

ቀጥሎ ዌቭ የተባለውን የተደራሽነት መመርመሪያ ይጠቀሙ። አድራሻውን ሲያስገቡ ገጹ ላይ ምልክቶች እየለጠፈ መግለጫ የሌለውን ምስል፣ ባዶውን ማስፈንጠሪያ፣ ያልተመዘገበውን ቋንቋ ያሳይዎታል። የቀለም ንፅፅርንም ይለካል፤ ዓለም አቀፉ መመዘኛ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው 4.5 ለ1 ነው። በብዙ ዝግጁ ገጽታዎች ላይ የሚታየው፣ የቀለም ኮዱ 777777 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 4.48 ለ1 ብቻ ስለሆነ ለጥቂት ይወድቃል። በፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ጥቁሩን ፊደል ጥቁር አድርጎ መተው ይሻላል።

ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል ነፃ መሣሪያ ደግሞ ብሎግዎ በጉግል ፍለጋ እንዴት እንደሚገኝ ይነግርዎታል። ገጹን አስመዝግበው ባለቤትነትዎን ካረጋገጡ በኋላ ሳይትማፑን (የገጾችዎን አድራሻዎች ዝርዝር) ያስገቡና ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ። ከዚያ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል ሰዎች የፈለጓቸውን ቃላት ያገኛሉ። ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ልዩ ጥቅም አለው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ፀ» እና በሦስቱ «ሐ» ቢለዋወጥ ብቻ 6 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል፤ እርስዎ የጻፉት አንዱን ነው፤ አንባቢዎችዎ በየትኛው እንደሚፈልጉ ከዚህ ሰንጠረዥ ይታያል። እኔ በጽሑፉ ውስጥ ትክክለኛውን አጻጻፍ እጠብቃለሁ፤ ሰንጠረዡ ሌላው አጻጻፍ በብዛት እንደሚፈለግ ካሳየኝ በምስል መግለጫ ወይም በመለያ ቃላት ውስጥ አንድ ጊዜ አስገባዋለሁ።

ማስቀመጥና መጨረሻው ሙከራ

በወር አንድ ጊዜ ጽሑፎችዎን በሙሉ አውርደው በፍላሽም በኢሜይልም ያስቀምጡ። ዋና ዋናዎቹን ደግሞ የኢንተርኔት አርካይቭ በሚያስተዳድረው ዌይባክ ማሽን ላይ አድራሻቸውን አስገብተው እንዲቀመጡ ያድርጉ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ብሎጉ ቢዘጋም ቅጂው እዚያ ይገኛል።

በመጨረሻ ዋይፋዩን ያጥፉና ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ስልክ ያንሡ። በስልኩ ቅንብር ውስጥ ብራውዘሩ እስካሁን የተጠቀመውን የሞባይል ዳታ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ከጽሑፎችዎ አንዱን ከፍተው እስከ ታች ያንብቡና ቁጥሩን እንደገና ይመልከቱ። ልዩነቱ ከ1 ሜጋባይት ካለፈ ወደ ምስሎቹ ተመልሰው ከትልቁ ጀምሮ ያሳንሱ።