ከፎቶ ቤት ርቆ ፎቶ ማሳተምና ፍሬም መሥራት

ፎቶ ቤት በቅርብ በሌለበት አካባቢ የሚኖር ሰው ፎቶ አሳትሞ ፍሬም ውስጥ ለማስገባት ሲነሣ ትልቁ ወጪው ስሕተትን ለማረም የሚሄደው መንገድ ነው። ሁለት ሚሊሜትር የተረፈ መስታወት ባለሙያው አጠገብ ለሚኖር የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን ሩቅ ላለ ሰው ግን ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በመሆኑም አስቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ልክ ብቻ መርጦ ወረቀቱን፣ መስታወቱንና እንጨቱን በዚያው ልክ ማዘዝ ይገባል።

ለግድግዳ ምቹ የሆነው ልክ 20 በ30 ሴንቲሜትር ፎቶ በ30 በ40 ሴንቲሜትር መስታወት ነው። በእጅ ተይዞ ሲታይ እንኳ ጥርት እንዲል 2400 በ3600 ፒክስል ያህል ያስፈልገዋል፤ ተሰቅሎ ከርቀት ለሚታይ ግን 1600 በ2400 ይበቃል። አብዛኞቹ ስልኮች የሚያነሡት ምስል 4 ለ3 የሆነ ምጣኔ ስላለው በ20 በ30 ወረቀት ሙሉ በሙሉ ሲታተም ከአጭሩ ጎን አንድ ዘጠነኛው ይቆረጣል። የሚቆረጠውን እርስዎ ካልወሰኑ ማሽኑ ይወስንልዎታል፤ የቆሙ ሰዎች እግር ወይም የረጅሙ ሰው ግንባር ተቆርጦ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶውን ወደ ከተማ የሚልኩት በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አያይዘው ይላኩ፤ መተግበሪያዎቹ ፎቶን ስለሚያሳንሱት የደረሰው ምስል ስልክ ላይ ደህና መስሎ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ በሜሞሪ ካርድ ወይም በፍላሽ መላክ ይሻላል። በትእዛዙ ላይ የልኩን መለኪያ መጻፍም አይዘንጋ። እኔ አንድ ጊዜ «20 በ30» ብቻ ብዬ ብልክ በኢንች ተቆጥሮ 51 በ76 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ መጣልኝ፤ እስካሁን ፍሬም አላገኘም።

ብዙ ፎቶ የሚያትም ሰው ፕሪንተር መግዛት ያዋጣዋል። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ጥሩ ፎቶ ያወጣል፤ ጠላቱ ግን ሥራ መፍታት ነው፤ ሳይነካ ከከረመ የቀለም ቀዳዳዎቹ ይደርቃሉ። በየሳምንቱ ሁሉንም ቀለም የያዘ ትንሽ ገጽ ያትሙበት፤ ከአቧራ ይሸፍኑት፤ ሁልጊዜም በራሱ ቁልፍ ያጥፉት። በሥራ መካከል መብራት ከሄደ ቀለም የሚረጨው ጭንቅላቱ ሳይከደን ስለሚቀር መብራት እንደተመለሰ አብርተው በሥርዓቱ ያጥፉት። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያትም ሰው ቀለሙን ከጥብጣብ ላይ በሙቀት ወደ ወረቀት የሚያስተላልፈው ትንሽ ፕሪንተር ይሻላል፤ የሚደርቅ ፈሳሽ የለውም፣ አንድ ጥቅል ስንት ፎቶ እንደሚያወጣም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ከ10 በ15 ሴንቲሜትር የሚበልጥ አያትሙም።

በፈሳሽ ቀለም የታተመ ፎቶ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይደርቅ መስታወት ሥር መግባት የለበትም፤ የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱን ከውስጥ ያጨልመዋል። ከደረቀ በኋላም ፎቶው መስታወቱን መንካት የለበትም፤ እርጥበት ባለበት ወቅት ይጣበቅና ሲላቀቅ ቀለሙ ይነሣል። ለዚህ ነው በመካከላቸው መስኮት የተቆረጠለት ካርቶን የሚገባው። ለ20 በ30 ፎቶ መስኮቱን 19.2 በ29.2 አድርገው ቢቆርጡት በየጎኑ አራት ሚሊሜትር ፎቶውን ይይዛል፤ በ30 በ40 መስታወት ዙሪያውንም እኩል 5.4 ሴንቲሜትር ጠርዝ ይተርፋል። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን፤ ተራ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ቢጫ ያደርገዋል። ፎቶውን ከላይኛው ጠርዙ ብቻ በወረቀት ማጣበቂያ (ሙጫ ባለው የወረቀት ጥብጣብ) ከካርቶኑ ጀርባ ያንጠልጥሉት፤ አራቱም ጎን ከተጣበቀ ወረቀቱ በእርጥበት ሲለጠጥ መሄጃ አጥቶ ይሸበሸባል።

ለፍሬሙ የደረቀና ያልተጣመመ እንጨት፣ በውስጠኛው ጠርዙ መስታወቱ የሚያርፍበት ደረጃ የወጣለት፣ ያስፈልጋል። ይህ ደረጃ ከመስታወቱ በሦስት ሚሊሜትር ይስፋ፤ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ መስታወት ግን አይታጠፍም። ጫፎቹ በ45 ዲግሪ ይቆረጡ፤ ትይዩ የሆኑት ሁለት ሁለት እንጨቶች እኩል መሆናቸው ጎን ለጎን ተደርገው ይረጋገጥ። ማዕዘኖቹ በኮላ ተጣብቀው ሳይደርቁ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ይለኩ፤ ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ስለተጣመመ በረጅሙ ሰያፍ በኩል በቀስታ ገፋ ማድረግ ያስተካክለዋል። ቀጭን ሚስማር የሚመታው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ለዚህ ልክ ይበቃል። በመጓጓዣ ጊዜ ተጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ፣ በመካከሉ ወረቀት ገብቶ ይታሰር። መንገዱ በጣም ሻካራ ከሆነ በመስታወት ፋንታ የሚገባ ግልጽ ፕላስቲክ በቀላሉ አይሰበርም፤ ቶሎ ስለሚጫር ግን በደረቅ ጨርቅ አይወለወልም። ከኋላ በቀጭን ኮምፔርሳቶ ከተዘጋ በኋላ ስንጥቁ ዙሪያውን በወረቀት ማጣበቂያ ይታሸግ፤ ይህን የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው፣ በዓመቱ ፎቶው ላይ አቧራና የነፍሳት ቅሪት የሚያገኙትም እነሱ ናቸው።

ሲሰቀል የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚያርፍበትና ጭስ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ። ሚስማር በማይጨብጥ የጭቃ ግድግዳ ላይ በቅድሚያ የእንጨት ችካል ይገባና ሚስማሩ በችካሉ ላይ ይመታል። ከፍሬሙ ጀርባ በታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ትናንሽ የቡሽ ወይም የጎማ ቁራጮች ቢለጠፉ አየር በመካከል ስለሚያልፍ የግድግዳው እርጥበት ወደ ፎቶው አይሻገርም።