መከራ ሲረዝም ጸሎትን እንዴት መያዝ ይቻላል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ምእመናን

«ታገሥ» ማለት ቀላል ነው፤ የታገሠ ሰው ነገ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ የሚነግር ግን ብዙ የለም። ትዕግሥት ሰዓትና መጠን ሲበጅለት ይጸናል፣ በስሜት ብቻ ከተያዘ ሳምንት አይዘልቅም። እዚህ ያለው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የተጻፈ ነው፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አማኝ መዝሙረ ዳዊቱንና ኢዮብን ይዞ የቀረውን ሊተው ይችላል።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሉን፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። የተጨነቀ ሰው ሰባቱንም በአንዴ ሊይዝ ይነሳና በአራተኛው ቀን ሁሉንም ይጥላል። ሁለቱን ብቻ ይያዙ፤ ነግህን (የማለዳውን) እና ንዋምን (የመኝታውን)። ደሴ ላይ የሚቀሰቅስ አይጠፋም፤ የሱብሂው አዛንና የኪዳኑ ድምፅ ማጉያ ተከታትለው ይመጣሉ። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ጋቢው፣ መጽሐፉና መቁጠሪያው ማታውኑ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ፤ በጨለማ ዕቃ ፍለጋ የጀመረ ሰው ተመልሶ ይተኛል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ ደግሞ ሰዓት አይቁጠር፤ ከቤት ሲወጣ አንድ፣ ገብቶ ከመተኛቱ በፊት አንድ ያድርስ። የሌሊት ተረኛ ነግህን ሰርቪስ እየጠበቀ ቢያደርስ ነውር የለበትም።

ቀጥሎ መጠኑ። አማትበው አቡነ ዘበሰማያት ይበሉ፤ አንድ መዝሙር፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያንብቡ፤ በመጨረሻ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ። ሳይጣደፉ ቢያደርሱት ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ዳዊት ለመደገም የለመደ ሰው አሥር አሥሩን መዝሙር «ንጉሥ» ብሎ ቆጥሮ 150ውን በ15 ንጉሥ ይጨርሳል። ልብ በተሰበረበት ሰሞን ግን አንዱን መዝሙር ሳምንት ሙሉ መደጋገም ይበልጣል፤ በሰባተኛው ቀን ሳያዩት ይወጣዎታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ እንደደረሰው ያለ ቀን ሲመጣ፣ በድንገት ከቤት የወጣ ሰው ይዞት የሚሄደው በቃሉ ያጠናውን ነው።

የትኛውን መዝሙር? ፍርሃት ላለበት 22 እና 90፣ ነፍሱ ለተከዘች 41፣ በደል ለከበደው 50፣ መንገድ ለሚወጣ 120፣ ችግሩ ለረዘመበት 12። ቁጥሩ በዳዊቱ አቆጣጠር ነው፤ አብዛኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከ10 በኋላ አንድ ስለሚጨምር 22 እዚያ 23 ሆኖ ይገኛል። ገልጠው ሌላ መዝሙር ቢያገኙ መጽሐፉ ተሳስቶ አይደለም።

መዝሙር 12 «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። ብዙ ሰው እንዲህ ማለት ድፍረት ይመስለውና በጸሎቱ ላይ ያላመነበትን ምስጋና ይደረድራል፤ እያደርም ጸሎቱ ይሰለቸዋል። ትዕግሥት ዝምታ ነው የሚለው አመለካከት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከኢዮብ ግን አልመጣም። በትዕግሥት የምንጠቅሰው ኢዮብ በምዕራፍ 3 የተወለደባትን ቀን ረግሟል፤ በምዕራፍ 42 ግን እግዚአብሔር የተቆጣው እሱን ሳይሆን ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙ የመሰላቸውን ወዳጆቹን ነው። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ከምዕራፍ 2 ወደ 42 ስለሚዘል ይህን አያገኘውም። በቀን ሁለት ምዕራፍ ቢያነቡ 42ቱ በሦስት ሳምንት ያልቃሉ። ምሬትዎን በዳዊት ቃል ለእግዚአብሔር ይንገሩ፤ ያኔ በልጆችና በትዳር ጓደኛ ላይ የሚወርደው ይቀንሳል።

አሁን የሚበላሽበትን እንይ። አንደኛው ስለት ነው። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ያልገዛውን በሬ ይሳላል፣ ነገሩ ሲያልፍ ዕዳው ሌላ ጭንቅ ይሆናል። እጅዎ ላይ ያለውን ይሳሉ፤ ጧፍ ወይም ዕጣን። ለመስከረም 21 ግሸን ለመሄድ የተሳለ ሰው የመሳፈሪያውን ብር ከወር ወር ለይቶ ያስቀምጥ፤ የቤት ኪራዩን ይዞ መሄድ ስለት መፈጸም አይደለም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ሐዘንተኛ ድሮም አይበላም፤ በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ሲል ራሱን ይስታል። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ስኳር ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠኑን ለብቻው አይወስን፤ ንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ይጠይቅ። ኤልያስ በክትክታው ሥር ተኝቶ ሞቱን በለመነ ጊዜ መልአኩ መጀመሪያ ያቀረበለት እንጎቻና ውኃ ነበር። ጸበልም እንዲሁ፤ እየተጠመቁ የቲቢውን ወይም የኤችአይቪውን ኪኒን ማቋረጥ በሽታውን መድኃኒት የማይበግረው ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱ አይጣሉም።

ሦስተኛው መሸሸግ ነው፤ ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚቀረው ከቅሬው (ከዕድሩ) ነው፣ መዋጮ ስላጣ አፍሮ። ለቅሬው ዳኛ አስቀድሞ ቢነገር አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ይሰጣል፤ ዝም ብሎ የጠፋ ግን ይቀጣል። ወሎ ላይ የቅሬ ጎረቤት እስላምም ክርስቲያንም ነው፤ «ሶብሩን (ትዕግሥቱን) ይስጥህ» ሲሉዎት አሜን ይበሉ። ለቅሶ የሚደርሱት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ «ለበጎ ነው» የምትለዋን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቆዩአት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው የተቀመጡበት ጊዜ ከንግግራቸው ሁሉ የተሻለው ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ቁጭ ማለት፣ ውኃ መቅዳት፣ ልጆቹን ማብላት ይበቃል።

የተዘለለ ቀን አይከፈልም። የትናንቱን ከዛሬው ጋር አደርሳለሁ ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ስድስት ጸሎት ይከመርበታል፤ ከዛሬው ይቀጥሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልያዝ ካለ መጠኑን ወደ አቡነ ዘበሰማያትና 41 እግዚኦታ አውርደው ንስሐ አባትዎን ያግኙ። እንቅልፍና ምግብ አብረው ከጠፉ ወይም መሞትን ማሰብ ከመጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ለአንድ ሰው ነግረው አብሮዎት ሆስፒታል እንዲሄድ ያድርጉ።